ለሥር ሰደድ ህመም የሚተከል የኤሌክትሪክ ነርቭ ማነቃቂያ፦ ከወሎ ለሚሄድ ታማሚ ከጉዞው በፊትና በኋላ

ከጦሳ ግርጌ (ውይይቱን የከፈተ)

እንደምን ሰነበታችሁ። «ውጭ አገር ሄደን የኤሌክትሪክ መሣሪያ እናስተክል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከደሴም ከወልዲያም ከከሚሴም ደጋግሞ ስለሚመጣ አንድ ቦታ ላይ እንሰብስበው። ቤት ተሸጦ፣ ከብት ተሸጦ የሚኬድበት ሕክምና ስለሆነ ከመሄድ በፊት ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል። ዋጋው እንደየአገሩ ቢለያይም የሚተከለው ዕቃ ብቻውን በአሥር ሺዎች ዶላር ሊገመት ይችላል።

መሣሪያው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው 1.3 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ጫፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 የብረት ቀለበት ያለበት ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ውስጥ በጀርባ በኩል ይጋደማል። ሁለተኛው የክብሪት ሳጥን የሚያክል ባትሪ ሲሆን ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ወይም ጎን ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ሦስተኛው ታማሚው በእጁ ይዞ የሚያበራበትና የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ ነው። ህብለ ሰረሰሩ አይወጋም፤ ቤተሰብ አብዝቶ የሚፈራው ይህንን ስለሆነ ነው አስቀድሜ የማነሳው።

ሐሳቡ የመነጨው ሜልዛክና ዎል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ካሳተሙት የህመም «በር» ንድፈ ሐሳብ ነው። መዳሰስን የሚያደርሱት ወፍራም የነርቭ ክሮች ሲነቁ፣ ህመም ይዘው የሚመጡት ቀጫጭኖቹ መልእክታቸውን የሚያስገቡበት በር ይጠባል። የተመታ ጉልበት በእጅ ሲታሽ ቀለል የሚለው ለዚያ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967፣ ኖርማን ሼሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን መሣሪያ በሰው ላይ ተከለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለማን ነው? የነርቭ ህመም ላለበት ሰው። ህመሙ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ልብስ ሲነካው ያንገበግባል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ነርቭ መስመር ይወርዳል። የዲስክ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እግሩ ላይ ህመሙ የቀረበት፣ ከጉዳት በኋላ እጁ ወይም እግሩ አብጦ ቀለሙ እየተለዋወጠ የሚያቃጥለው፣ የስኳር በሽታ የእግሩን ነርቭ ያቃጠለበት፤ እነዚህ ተስማሚ ናቸው። በእርጅና የተበላ ጉልበት፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የጡንቻ ድካም ግን የዚህ መሣሪያ ሥራ አይደሉም። ጓያ ያሽመደመደው እግርም እንደዚሁ ነው። የጓያ ጉዳት እንቅስቃሴን የሚያዙትን ነርቮች አድርቆ እግር ያስራል እንጂ ሕክምናው የሚፈልገው ዓይነት ህመም አይደለም። በዚህ ተስፋ ተሰጥቶት ገንዘቡን የሚያጣ ሰው እንዳይኖር ነው የምጽፈው።

የእንግሊዝ አገር መመሪያ ህመሙ ከ0 እስከ 100 ሲለካ ቢያንስ 50 ሆኖ ሌላ ሕክምና እየተሰጠው 6 ወር የቆየ እንዲሆን ይጠይቃል። «ሌላ ሕክምና» ሲባል በትክክል የተሞከረ ማለት ነው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ከ10 ወይም 25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ እያደገ እስከ 75፣ ጋባፔንቲን በቀን ከ300 ሚሊግራም ተጀምሮ ኩላሊቱ እየታየ በቀን እስከ 1800 እና ከዚያ በላይ። አንዷን ፍሬ አምስት ቀን ውጦ «አልሠራልኝም» ያለ ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም።

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ ወንድም ዓለም። ሁለት ጥያቄ ነበረኝ። ከቋሚው ተከላ በፊት ሙከራ አለው የሚባለው እውነት ነው? ነርቭ የሚያቃጥል ህመም ሁሉ ከመሣሪያው በፊት ሌላ መንስኤ ይፈለግለታል ወይስ በቀጥታ ይኬዳል?

ከጦሳ ግርጌ

ሁለተኛውን ልመልስ፣ የመጀመሪያውን ቀዶ ክፍል የምትሠራው እህታችን ከእኔ በተሻለ ትነግርሃለች።

መንስኤ መፈለግ ግዴታ ነው፤ አንዳንዱ በጥቂት ብር ይስተካከላል። የቲቢ መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል አይሶናያዚድን ያለ ቫይታሚን ቢ6 የሚውጥ ሰው እግሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ቢ6 ሲጨመርለት ይሻለዋል። የቢ12 እጥረትም አለ፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት በወሰደ ሰው ላይ። ኤችአይቪ፣ አልኮልና የታይሮይድ ችግርም ይታያሉ። አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ማቃጠል በቦታው ሽፍታ ስለነበረ በቀላሉ ይለያል። ሥጋ ደዌ ደግሞ የነርቭ ህመም ያመጣል፤ ነርቩ አብጦ ሲታመም በጊዜ ስቴሮይድ ካልተሰጠ እጅና እግር ይጎዳል። እንዲህ የጠረጠረ ሰው ስለ ሽቦ ከማሰቡ በፊት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዶ ይታይ።

ቀዶ ክፍል ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ዳር፣ ሙከራው እውነት ነው፤ ያለ ሙከራ በቀጥታ ልትከልልህ ካለህ ሐኪም ለምን እንደሆነ ጠይቀው።

ታማሚው በሆዱ ይተኛል፣ ከሆዱ ሥር ትራስ ይደረጋል፣ ወገቡ ቀጥ እንዲል። ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ሰውየው መናገር መቻል ስላለበት ሙሉ በሙሉ አይተኛም። 14 ቁጥር የሆነ፣ ጫፉ የታጠፈ መርፌ በራጅ እየታየ ከአከርካሪው መካከለኛ መስመር ትንሽ ጎን ብሎ ከ45 ዲግሪ ባነሰ ጋደል ያለ ማዕዘን ይገባል፤ ለወገብና ለእግር ህመም ብዙውን ጊዜ የሚገባው በደረት 12ኛውና በወገብ 1ኛው ወይም በወገብ 1ኛውና 2ኛው መካከል ነው። መርፌው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሽቦው ሲገባ ይታጠፋል፣ ሽፋኑም የመቀደድ ዕድል ይኖረዋል። ክፍተቱ መገኘቱ የሚታወቀው በሲሪንጁ ላይ የነበረው ግፊት ድንገት ሲጠፋ ነው። ከዚያ ሽቦው እስከ ደረት 8ኛ ወይም 9ኛ አከርካሪ ድረስ ይገፋል። ለእጅ ህመም ከሆነ አንገት ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በብዛት ይፈጸማል። ራጁ ከፊት ብቻ ታይቶ ከጎን ሳይታይ ይቀራል። ሽቦው ከፊት ሲታይ መሃል ላይ ያለ ይመስላል፣ ከጎን ሲታይ ግን ወደ ሆድ በኩል ዞሮ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሽቦ ሲበራ ህመሙን ትቶ ጡንቻ ያንፈራግጣል። ስለዚህ ከፊትም ከጎንም ይነሣል፣ ሁለቱም ፎቶ ይቀመጣል።

የሙከራው ሽቦ ጫፍ ከቆዳ ውጭ ወጥቶ በፕላስተር ተለጥፎ ከውጭ ባትሪ ጋር ይያያዛል፤ ታማሚው ከ5 እስከ 7 ቀን እየኖረ ይፈትነዋል። ገላ አይታጠብም። ህመሙ በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሙከራው ሠርቷል ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። እንቅልፉን፣ በእግሩ የሚሄደውን ርቀት፣ የሚውጠውን መድኃኒት በየቀኑ መጻፍ አለበት። ከአገሩ ርቆ በሆቴል አልጋ ላይ ተኝቶ የዋለ ሰው «ተሻለኝ» ማለቱ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሰማው አይናገርም፤ በሙከራው ቀናት ደረጃ ይውጣ፣ ይራመድ፣ ጎንበስና ጠመዝመዝ ሳይል የሚችለውን ይሥራ።

ከመርፌው በፊት ስለ ደም ማቅጠኛ መጠየቅ እንዳትረሱ። ዋርፋሪን ከ5 ቀን በፊት ቆሞ የደም መርጋት ቁጥሩ 1.2 እና ከዚያ በታች መውረዱ መረጋገጥ አለበት፣ ክሎፒዶግሬል ከ7 ቀን በፊት ይቆማል፣ አስፕሪንም እንዲሁ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ። ለልብ የሚወስደው ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁመው፣ የልብ ሐኪሙ ይፍቀድለት።

ቋሚው ተከላ ላይ ሁለት ቁስል ይኖራል፣ አንዱ ጀርባ መሃል፣ ሌላው ባትሪው የሚቀበርበት። ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ሴፋዞሊን የተባለ አንቲባዮቲክ 2 ግራም በደም ሥር ይሰጣል። ሽቦው የሚታሰረው ከጠንካራው የጡንቻ ሽፋን ጋር በማይሟሟ ክር ነው፣ ከስቡ ጋር ከታሰረ በሳምንታት ውስጥ ይንሸራተታል። ከማሰሪያው በኋላ ሽቦው ክብ ተደርጎ ትርፍ ይተውለታል። ያ ክብ ከሌለ ሰውየው ጎንበስ ባለ ቁጥር ሽቦው ይጎተታል።

ሽቦና ባትሪ

ሰላም። የሕክምና መሣሪያ ጥገና በኩል ያለውን እኔ ልጨምር። ሰው ቀዶ ሕክምናውን ይፈራል እንጂ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሰጠው ፍሰት አንድ ዓይነት አይደለም። የቀድሞው ዓይነት ከ40 እስከ 60 ኸርዝ (በሰከንድ ከ40 እስከ 60 ምት) የሚሠራ ሲሆን ህመሙ ያለበት ቦታ ላይ መውረር ይሰማል፤ የሚወርበት ቦታ ከሚያመው ቦታ ጋር ካልገጠመ አይጠቅምም። ታማሚው በጀርባው ሲተኛ ህብለ ሰረሰሩ ወደ ሽቦው ስለሚቀርብ ፍሰቱ ድንገት ይጠነክርበታል፣ ሲቆም ይደክማል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ቀንስ፣ መኪና እየነዳህ ደግሞ አጥፋው። ሌላው በ10,000 ኸርዝ የሚሠራው ነው፤ ምንም መውረር አይሰማም፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መሞላት ይፈልጋል። ሦስተኛው በቡድን በቡድን የሚመታ ነው፣ አምስት አምስት ምት በሰከንድ 40 ጊዜ።

እንግዲህ ወሎ ላይ መብራት ለሰዓታት እንደሚሄድ እናውቃለን። በየቀኑ መሞላት ያለበትን ባትሪ ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። የማይሞላው ባትሪ እንደ አጠቃቀሙ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይሄዳል፤ ሲያልቅ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለወጣል፣ ግን እንደገና መጓዝ ነው። የሚሞላው 9 ወይም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሰውነት ውስጥ ያለውን ባትሪ የሚሞላው ከቆዳ ላይ የሚቀመጠው ቻርጀር የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲኖር እሱን አስቀድሞ ሙሉ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንዳንድ የቀድሞ ሞዴሎች ሙሉ በሙሉ ሲያልቁ ከተደጋገመ ጭራሽ አይነሡም። «ሲያመኝ ብቻ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው መሣሪያውን በገዛ እጁ ሊገድለው ይችላል።

ቻርጀሩ ባትሪውን አላገኘሁትም ካለ፣ መጀመሪያ ቦታውን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እያንቀሳቀስክ ሞክር። እንቢ ካለ ባትሪው ከቆዳ ሥር ተገልብጦ ወይም ጠልቆ ይሆናል፤ ራጅ ይነግርሃል።

በድንገት ስሜቱ ከጠፋ ወይም ቦታውን ከለወጠ በመቆጣጠሪያው የእያንዳንዱን ቀለበት የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ማየት ይቻላል፣ ባለሙያው ብቻ ነው የሚያየው። ጤናማው ቁጥር በአብዛኛው በመቶዎችና በሺህ አካባቢ ባለ ኦም (የተቃውሞው መለኪያ) ውስጥ ነው። አንዱ ቀለበት ብዙ ሺህ ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም መሰኪያው ለቋል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ስሜቱ ወደ ጎድን ወይም ወደ ሆድ ከዞረ ግን ሽቦው ተንሸራቷል። መንሸራተት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሳያስፈልግ ይስተካከላል፤ ከስምንቱ ቀለበት ሌሎቹን በማብራት። ለዚህ ግን ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ሕክምናውን ከመክፈላችሁ በፊት «ደሴ ሆነን ችግር ቢመጣ ማን ያስተካክለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ አታስተክሉ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው።

ብስራት ከባቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ ከውጭ የሚለጠፈውስ? እሱ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ፊዚዮ ኮምቦልቻ

ወዓለይኩም ሰላም ብስራት። መርሁ ዘመድ ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። እሱ ቴንስ ይባላል፤ በቆዳ ላይ ተለጥፎ ይሠራል፣ አይተከልም። ለብዙ ሰው መጀመር ያለበት እዚያ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስከፍለው ትንሽ፣ የሚጎዳውም ትንሽ ነው። ካልረዳህ ነቅለህ ማስቀመጥ ነው።

አጠቃቀሙን በትክክል ልንገርህ። ቆዳውን በሳሙናና በውሃ አጥበህ አድርቅ፣ ቅባት ካለ አይለጠፍም። 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ወይም አራት ንጣፎች ህመሙን ከበው ወይም በነርቩ መስመር ላይ ይለጠፋሉ፣ ቢያንስ የአንድ ንጣፍ ያህል ይራራቁ። ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አድርግ፣ ምቱ ከ50 እስከ 200 ማይክሮ ሴኮንድ። ፍሰቱን ጠንከር ያለ ግን የማያም መውረር እስኪሰማ ድረስ ጨምር፤ ለ30 ደቂቃ ቀጥል፣ ከለመድከው በኋላ በቀን ብዙ ጊዜ መድገም ይቻላል። ሰው የሚሳሳተው ፍሰቱን በጣም ዝቅ አድርጎ «ምንም አይሠራም» ብሎ መተው ነው። ሌላው ስህተት በአንድ ቦታ ብቻ መለጠፍ ነው፤ ሰውነት ስለሚለምደው ቦታና ኸርዝ ለዋወጥ አድርግ። ሞርፊን መሰል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ከ2 እስከ 4 ባለው ዝቅተኛ ኸርዝ ብዙም አይጠቀምም፤ ለእሱ ከፍ ያለው ኸርዝ ይሻለዋል።

የማይለጠፍበት ቦታ አለ። የአንገት ፊትና ጎን፣ የልብ ማነቃቂያ ያለበት ሰው ደረት፣ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ ቁስል ያለበት ቆዳ። የደነዘዘ ቆዳ ላይም አይለጠፍም፤ የስኳር ታማሚ እግሩ ሲቃጠል ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ከመለጠፍህ በፊት በስለታምና በደንዛዛ ነገር እየነካህ ልዩነቱን ማወቅ አለማወቁን ፈትን።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ነገር። መሣሪያ የተተከለበት ሰው ወደ እኛ ሲመጣ በአጭር ሞገድ የሚያሞቅ ዲያተርሚ በፍጹም አይሰጠውም፣ ቢጠፋም ቢሆን። ሞገዱ በሽቦው አልፎ ጫፉ ላይ ሙቀት ይፈጥራል፤ ነርቭ ያቃጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። የሚያክመው አልትራሳውንድም በመሣሪያው ላይ አይሁን። ወረቀት ላይ ጻፉትና ክፍሉ በር ላይ ለጥፉት።

ጥናት አንባቢ

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ ግን ሰው ሊሰማው የሚገባ ሌላ ወገን አለ። ኮክሬን የተባለው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማ ለወገብ ህመም የተሠሩ 13 ጥናቶችን አይቶ ጥቅሙ ከሐሰተኛ ሕክምና ይበልጣል ብሎ መናገር የሚያስችል ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ በፊት በ2022 ኖርዌይ ውስጥ የዲስክ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ህመም የቀረባቸው 50 ሰዎች፣ መሣሪያው ተተክሎላቸው በቡድን የሚመታው ፍሰት አንድ ጊዜ በርቶ፣ አንድ ጊዜ ጠፍቶ፣ ሳያውቁ ሲፈተኑ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ይህን ሳይነግሩ ሰው ቤት እንዲሸጥ መምከር ልክ አይደለም።

ከጦሳ ግርጌ

ትክክል ነዎት፣ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ሚዛኑን ለማየት የሚረዳው ቀጥሎ ያለው ነው። ፕሮሰስ የተባለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2007 ጥናት 100 ሰዎችን ይዞ፣ እግር ላይ የሚወርድ ህመም ያላቸውን፣ በ6 ወር ከተተከለላቸው 48 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 9 በመቶ ህመማቸው በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሰ። በስኳር ነርቭ ላይ በ2021 የወጣው ጥናት በ3 ወር ከተተከለላቸው 79 በመቶ፣ ካልተተከለላቸው 5 በመቶ አሳይቷል። ሁለቱም ግን ታማሚው መሣሪያ እንዳለበት ያውቃል። እርስዎ ያነሡት ጥናት ዓይን ሸፍኖ የሚሠራ ነው፣ የሚለያዩትም በከፊል ለዚያ ነው። በዚያው በፕሮሰስ ጥናት በ12 ወር 32 በመቶ የሚሆኑት ከመሣሪያው የመጣ ችግር እንዳጋጠማቸውም ይታወቅ።

ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው። እግር ላይ የሚወርድ የነርቭ ህመም ያለበትን ሰው አብሽር እለዋለሁ፤ መጠየቅ ይገባዋል። ወገብ ላይ ብቻ የቆመ፣ መንስኤው ያልታወቀ ህመም ያለበትን ግን ለመሣሪያ ሲል ቤቱን እንዳይሸጥ አጥብቄ እመክረዋለሁ።

እመት ዘነበች

ልጆቼ ተባረኩ። ቤት ከመጣን በኋላ ምን ይከለከላል? ሥራ የለመደች ሴት እንዴት ትቀመጣለች?

ቀዶ ክፍል ነኝ

እማማ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ይበልጣል።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሽቦው በጠባሳ እስኪያዝ ጎንበስ ማለት፣ መጠምዘዝ፣ ከትከሻ በላይ እጅ መዘርጋት አይፈቀድም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም የለም፣ ከ2 ኪሎ በላይም አይነሣ። ምጣድ ላይ ተዘርግቶ እንጀራ ማውጣት ለጥቂት ሳምንት ለሌላ ይተውለት። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡና ማፍላትም እንደዚሁ፤ ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። ሰላትም ስግደትም ተቀምጦ፣ አንገት ዝቅ ብቻ በማድረግ ይሁን፤ ለታመመ ሰው ሁለቱም እምነት ይፈቅዳል። ቁስሉ ሳይድን ጸበል መዘፈቅም ሆነ ፍልውሃ መግባት ለኢንፌክሽን በር መክፈት ነው።

ከተከላው በፊት ሴትየዋ መቀነት የት እንደምታስር ለሐኪሙ ታሳይ። ባትሪው መቀነት ሥር ከተቀበረ ዕለት በዕለት ይፈትጋታል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ወጌሻ እንዳያሸው፣ ዋግምትም በዚያ ቦታ እንዳይደረግ።

ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቦታ ላይ ከትልቁ ሞተርና ከብየዳው ራቅ ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲገቡ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ያሳዩ፤ በእጅ ይፈተሹ፣ የሚያፏጨውን ዘንግ መሣሪያው ላይ አያቆዩት።

ድንገተኛ ክፍል

ደሴም ሆነ ወልዲያ ድንገተኛ ለሚሠሩ ወገኖቼ አጠር አድርጌ።

ከተከላው ወይም ከሙከራው በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከባድ የጀርባ ህመም፣ አዲስ የእግር ድካም ወይም ሽንት አልወጣ ማለት ከመጣ ህብለ ሰረሰሩን ደም ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሰው ጊዜ የለውም፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ጫናው ቢነሣለት ነው የተሻለ የሚድነው። ስለዚህ ታማሚው ከተተከለበት ከተማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይውጣ። ሲቆም የሚጠና ሲተኛ የሚለቅ ራስ ምታት ሽፋኑ ተበስቶ ፈሳሽ መፍሰሱን ያሳያል፤ ዕረፍት፣ ፈሳሽና ቡና ካላሻለው የራሱ ደም በዚያ ቦታ በመርፌ ይሰጠዋል።

ባትሪው ቦታ ላይ ቀይ ሆኖ ከሞቀ፣ መግል ካለ፣ በሲሪንጅ አትውጉት። በአብዛኛው ስታፍ ባክቴሪያ ነው። ላይ ላዩን ከሆነ መድኃኒት ይበቃዋል፤ ባትሪው ወደተቀበረበት ኪስ ከገባ ግን ሙሉ መሣሪያው መውጣት አለበት፣ በአንቲባዮቲክ ብቻ ማባበል ኢንፌክሽኑን ወደ ህብለ ሰረሰር ይገፋዋል።

ልብ ምት ስታነሡ መሣሪያውን አጥፉ፣ ካልሆነ ኢሲጂው በሞገድ ይሞላል። ቀዶ ሕክምና ላይ ባይፖላር ኮተሪ (ፍሰቱ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ብቻ የሚያልፍ፣ ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ ማቃጠያ) ተጠቀሙ፤ ሞኖፖላር ግድ ከሆነ ንጣፉ ፍሰቱ መሣሪያውን በማያቋርጥበት በኩል ይለጠፍ። ኤምአርአይ የሚፈቀደው ሞዴሉ የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር

ታዲያ ከዚያ ሲመለሱ በእጅ መያዝ ያለበት ምንድን ነው?

ሽቦና ባትሪ

የመሣሪያው መታወቂያ ካርድ፣ የባትሪውም የሽቦውም ሞዴልና ቁጥር ያለበት። ከተከላው በኋላ የተነሣው ራጅ ከፊትም ከጎንም፣ በስልክ ፎቶ ብቻ ሳይሆን በሲዲም። የፕሮግራሙ ወረቀት፣ የትኞቹ ቀለበቶች እንደበሩ፣ ስንት ኸርዝ፣ ስንት ሚሊ አምፔር። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ ሽቦው የት ላይ እንደታሰረ የሚገልጽ። ኤምአርአይ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ደብዳቤ። ቻርጀሩን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጅ ይዛችሁ ግቡ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ቻርጀር ግን ደሴ ገበያ ላይ አይገኝም።